ፈረሳችሁ ከተንገዳገደ፦ ትል ወደ አንጎሉ ወይም ወደ ሕብለ ሰረሰሩ ገባ ብላችሁ ስትጠረጥሩ የምትሠሩት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ፈረሱ ማታ ደህና ነበር። ጠዋት ከጋጣ ሲወጣ የኋላ እግሩ ይወላገዳል። ባለቤቱ "ትል ነው" ይልና ቤት ያለውን የትል መድኃኒት በግምት ያጎርሰዋል። በማግስቱ ፈረሱ ወድቆ ያገኘዋል። ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ትል ሊሆን ይችላል። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። መድኃኒቱ ትሉን ሲገድለው የሞተው ትል ዙሪያውን ያስቆጣል። ቁጣው ደግሞ አንጎል ውስጥ ወይም አጥንት በከበበው ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። እብጠቱ የሚሄድበት ቦታ የለም።

ስለዚህ ደረጃዎቹን አትዝለሉ። በተለይ ከ1 እስከ 3 ያሉትን።

መጀመሪያ ይህን ያዙ፦ የፋንድያ ምርመራ "ንጹህ ነው" ቢልም አትረጋጉ

የነርቭ ሥርዓት ውስጥ የሚገቡት ትሎች አብዛኛውን ጊዜ መንገድ የሳቱ ናቸው። ፋንድያ ውስጥ እንቁላላቸው አይገኝም። ምክንያቱ እንደ ትሉ ይለያያል።

ስትሮንጂለስ ቫልጋሪስ፦ ፈረሱ ከግጦሽ ጋር የሚውጠው የደም ሥር ትል ነው። እጩ (ገና ያልጎለመሰው ትል) በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ አንጀት የደም ቧንቧዎች ይወጣል። አልፎ አልፎ መንገድ ስቶ፣ ወይም የረጋ ደም ገፍቶ፣ አንጎል ይደርሳል። ከተዋጠ በኋላ እንቁላል ለመጣል 6 ወር ያህል ይፈጅበታል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ከዚያ በፊት ነው።

ሴታሪያ ዲጂታታ፦ የከብትና የጎሽ ትል ነው፤ በትንኝ ይተላለፋል። ፈረስ ለእሱ ባዕድ ቤት ስለሆነ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ገብቶ ይንከራተታል። በእስያ አገሮች ከወገብ በታች የሚያሽመደምድ በሽታ በማምጣት ይታወቃል። በፋንድያ አይወጣም።

ሐሊሴፋሎቡስ ጂንጂቫሊስ፦ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ትል ነው። በአፍ ወይም በቆዳ ቁስል ይገባል ተብሎ ይታመናል። ድድ፣ መንጋጋ፣ ኩላሊትና አንጎል ያጠቃል። ከሁሉም ክፉው ይህ ነው። አንጎል ከገባ የሚተርፍ ፈረስ የለም ማለት ይቻላል።

ፓሬላፎስትሮንጂለስ ቴኑዊስ፦ የሰሜን አሜሪካ ነጭ ጭራ አጋዘን ትል ነው፤ በቀንድ አውጣና ዛጎል በሌለው ዘመዱ በኩል ይተላለፋል። ፈረስ ላይ አንገትን ወደ አንድ ጎን ሊያጎብጥ ይችላል።

ዝግጅት፦ ችግር ሳይመጣ በአንድ ሳጥን አስቀምጡ

ቴርሞሜትር፣ የላስቲክ ጓንት (ቢያንስ 10 ጥንድ)፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሁለት ረጃጅም ገመዶች (እያንዳንዳቸው 4 ሜትርና ከዚያ በላይ)፣ ወፍራም ብርድ ልብስ። የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ ሳጥኑ ክዳን ላይ ጻፉት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልክ ቁጥር መፈለግ አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ አትጠጉ፤ መጀመሪያ ቆማችሁ እዩ

1. ልጆችንና ውሾችን አርቁ።
2. ከአጥር ውጭ ሆናችሁ 5 ደቂቃ ተመልከቱ። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ።
3. ሌሎቹን ፈረሶች ወደ ሌላ ቦታ አውጡ። በሽተኛውን ግን በግድ አታንቀሳቅሱት።

ማስጠንቀቂያ፦ የእብድ ውሻ በሽታ በፈረስ ላይ በትክክል እንዲህ ሊጀምር ይችላል፤ በመንገዳገድ፣ በመዋጥ ችግር፣ በለሃጭ። ስለዚህ ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት። "ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ" ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። ይህን ስሕተት ብዙ ጠንቃቃ ሰዎችም ይሠሩታል፤ ፈረሱ ሲያስል አይቶ ዝም ማለት ስለሚከብድ። ለሃጭ ቁስል ወይም ዓይን ከነካችሁ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ዓይን ከሆነ በንጹህ ውኃ ብቻ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

ደረጃ 2፦ ልኩ፣ ጻፉ፣ ደውሉ

ፈረሱ ረጋ ብሎ የሚያስጠጋ ከሆነ ብቻ፦

1. ሙቀት። የአዋቂ ፈረስ ጤናማ ሙቀት 37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው።
2. የልብ ምት። ቆሞ ሳይረበሽ በደቂቃ ከ28 እስከ 44።
3. ትንፋሽ። በደቂቃ ከ8 እስከ 16።
4. ሽንት ይሸናል? ይንጠባጠባል? ፋንድያ ጥሏል?
5. ይውጣል? ጥቂት ሣር ከሩቅ ጣሉለትና እዩ። ሣሩ በአፍንጫ ከተመለሰ ከዚህ በኋላ በአፉ ምንም አትስጡት።

አሁን ደውሉ። "ፈረሴ አሞታል" አትበሉ። ይህን በሉ፦ መቼ እንደጀመረ፣ የትኛው እግር እንደሆነ፣ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ይውጥ እንደሆነ፣ ሌላ የታመመ ፈረስ ካለ፣ የመጨረሻው የትል መድኃኒት መቼና ምን እንደነበር።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሁለት ጥቅም አለው። መድኃኒት ካልተሰጠው የትል ጥርጣሬ ይጨምራል። ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ ከተሰጠው ደግሞ መድኃኒቱ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። የአይቨርሜክቲን ወይም የሞክሲዴክቲን መጠን ሲያልፍ ፈረስ ይንገዳገዳል፣ የታች ከንፈሩ ይንጠለጠላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል። ልክ ትል አንጎል የገባበት ይመስላል። በዚህ ላይ ሌላ መጠን መጨመር ማለት ምን እንደሆነ አስቡት።

ደረጃ 3፦ አራቱ የእርምጃ ፈተናዎች

ሐኪሙ እስኪመጣ ጊዜ ካለና ፈረሱ ቆሞ መሄድ ከቻለ አድርጉ። የሚወድቅ ከመሰለ ተዉት፤ የቀረጻችሁት ቪዲዮ ይበቃል። መሬቱ ደልዳላና የማያንሸራትት ይሁን። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይመራል፣ አንዱ ከጎን ሆኖ ይቀርጻል። ከኋላ ማንም አይቁም።

1. ቀጥ ብሎ መሄድ። 20 ሜትር ይሂድ፣ ይመለስ። ጆሯችሁንም አቅኑ። ጤነኛ ፈረስ ሲሄድ አራት የተለያዩ ድምፆች ይሰማሉ። እግሩን የሚጎትት ፈረስ ሰኮናው መሬት ሲፍቅ "ሽር" የሚል ድምፅ ይሰማል።
2. ጠባብ ክብ። በሁለቱም አቅጣጫ አዙሩት። የውጭ የኋላ እግሩ እንደ ማጭድ ወደ ውጭ ዞሮ ከመጣ፣ ወይም የውስጡን እግር ተክሎ በላዩ ከተሽከረከረ ጻፉ።
3. ወደ ኋላ ማስኬድ። አምስት እርምጃ። እግሮቹን ሳያነሳ ከጎተተ ወይም ኋላው ቁጢጥ ሊል ካለ ጻፉ።
4. ጭራ መሳብ። እየሄደ ሳለ ከጎኑ ሆናችሁ ጭራውን ወደ እናንተ ሳቡ። ጤነኛ ፈረስ ይቃወማል፤ ክብደቱን መልሶ ይስባል። የደከመው ዝም ብሎ ወደ እናንተ ይመጣል። ሁለቱን ጎኖች አወዳድሩ፤ የተንከራተተ ትል ብዙ ጊዜ አንዱን ጎን ከሌላው የበለጠ ይጎዳል።

ከዚህ በኋላ ሰኮናውን እዩ። አንድ ባዝራ አስታውሳለሁ። ባለቤቷ "ከትናንት ጀምሮ ነው" ብሎ ነበር። የግራ የኋላ ሰኮናዋ ጫፍ ግን እንደ ተሞረደ ብረት ተፍቆ ያበራ ነበር። ያ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ቢያንስ ሳምንታት ጎትታዋለች። ቆማ ሳለች ያው እግር ወደ ውስጥ ተጠምዞ ነበር፤ አላስተካከለችውም። እግሯ የት እንዳለ አታውቅም ነበር። ሐኪሙ በሽታውን የሚያይበት ዓይን በዚህች አንዲት ነገር ተቀየረ።

አንካሳ ነው ወይስ ነርቭ? አንካሳ ፈረስ በየእርምጃው አንድ ዓይነት ነው፤ ያው እግር፣ ያው ሸክም። የነርቭ ችግር ያለበት በየእርምጃው ይለያያል። አንዱን እርምጃ ያስረዝማል፣ ቀጣዩን ያሳጥራል፣ ሦስተኛው ላይ ይደናቀፋል።

ትል ያልሆኑ፣ ትል የሚመስሉ

ይህን ዝርዝር በቁም ነገር ያዙት። በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ፈረስ ታሞ፣ ትኩሳት ቀድሞ፣ ሽንት እየተንጠባጠበ ከሆነ የፈረስ ሄርፐስ ቫይረስን ጠርጥሩ፤ በእጅና በዕቃ ሳይቀር ይተላለፋል፣ ስለዚህ ሁሉንም እንቅስቃሴ አቁሙ። ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ የዓይኑ ውስጠኛ ቆብ ከወጣ ቴታነስ ነው። የሻገተ በቆሎ የበላ ፈረስ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል፤ መኖውን ዛሬውኑ ለዩ፣ ለምርመራም ትንሽ አስቀሩ። ወድቆ ወይም ተመትቶ ከነበረ ደግሞ አንገቱን ሊሆን ይችላል።

ትል እንደሆነ የሚያጠናክሩት እነዚህ ናቸው፦ ድንገት መጀመሩ፣ አንድ ፈረስ ብቻ መታመሙ፣ አንድ ጎን ብሶ መታየቱ፣ ትኩሳት አለመኖሩ። እነዚህ ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም።

ደረጃ 4፦ ሐኪሙ ሲመጣ የምትጠይቁት

የደም ምርመራ፣ የሽንት ምርመራ (ሐሊሴፋሎቡስ ኩላሊት ስለሚያጠቃ)፣ የአፍና የድድ እይታ። የድድ ወይም የመንጋጋ እብጠት ካለ ትንሽ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ከዚያ ዋናው ከጀርባ የሚቀዳው፣ ሕብለ ሰረሰሩን የከበበው ፈሳሽ ነው። ኢኦሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል እዚያ ከበዛ ትል የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። አለመብዛቱ ግን ትልን ነፃ አያወጣም። ይህን ፈሳሽ ሐኪም ብቻ ነው የሚቀዳው። ለእብድ ውሻ በሽታ ጥርጣሬ ካለ ለሚቀዳውም፣ ናሙናውን ለሚነካውም ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ደረጃ 5፦ ክብደቱን በሜትር እወቁ

ይህ ደረጃ ቀላል ይመስላል። የሚበላሸውም ለዚያ ነው። ዓይን ይዋሻል፤ ወፍራም ጸጉር ያለው ፈረስ ከባድ ይመስላል፣ ረጅም ቀጭን ደግሞ ቀላል።

1. የኮርቻው መታጠቂያ በሚያርፍበት፣ ከጋማው መጨረሻ ኋላ፣ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ። ፈረሱ ትንፋሹን ካስወጣ በኋላ አንብቡ።
2. ከትከሻው ፊተኛ ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። ሜትሩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።
3. ሁለቱንም በሴንቲ ሜትር ጻፉ። ደረት ሲባዛ በደረት፣ ሲባዛ በርዝመት፣ ለ11,880 ሲካፈል። የሚወጣው ኪሎ ነው።

ለምሳሌ ደረቱ 150፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ፦ 150 × 150 × 130 = 2,925,000። ለ11,880 ሲካፈል 246 ኪሎ። የአይቨርሜክቲን የተለመደው መጠን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ 49 ሚሊ ግራም ገደማ። በዓይን "350 ኪሎ ይሆናል" ብትሉ ኖሮ 70 ትሰጡ ነበር። ለጤነኛ ፈረስ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። አንጎሉ ለተቆጣ ፈረስ ግን በዚያ አልተማመንም።

ሒሳቡ ለአዋቂ ፈረስ ነው። ለውርንጭላና ለመውለድ ለተቃረበች ባዝራ አትጠቀሙበት፤ በሚዛን ይመዘኑ።

ደረጃ 6፦ መድኃኒቱ፣ በቅደም ተከተል

1. መጀመሪያ ቁጣውን ማብረድ። ሐኪሙ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ወይም እንደ ፍሉኒክሲን ያለ መድኃኒት ይሰጣል። ስቴሮይድን ራሳችሁ አትጀምሩ። በሽታው ቫይረስ ከሆነ ሊያባብሰው ይችላል፤ ለሰኮና ቁጣ የተጋለጠ ፈረስም ይጎዳበታል።
2. ቀጥሎ የትል መድኃኒት። የትኛው እንደሚሆን ሐኪሙ ይወስናል። አይቨርሜክቲን አለ። ፌንቤንዳዞል አለ፤ ለሚንከራተቱ እጮች የተለመደው በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ፣ ለ5 ተከታታይ ቀናት ነው። አምስቱንም ቀን ስጡ። በሦስተኛው ቀን "ተሽሎታል" ብሎ ማቆም ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎ መሄድ ነው።
3. ሰዓቱን ጻፉ። ከመድኃኒቱ በኋላ ያሉትን 48 ሰዓታት በየ4 ሰዓቱ እዩት፤ ደረጃ 2 ላይ የለካችሁትን ድገሙ።

አጎራረስ። አፉ ውስጥ ድርቆሽ እንዳይኖር አረጋግጡ። ጓንት አድርጉ። ቱቦውን በአፉ ጎን፣ ጥርስ በሌለበት ክፍተት አስገቡ፤ ምላሱ ሥር ላይ ጭመቁ። ጭንቅላቱን ጥቂት ቀና አድርጋችሁ እስኪውጥ ጠብቁ። ከተፋው ምን ያህል እንደወጣ ገምታችሁ አትድገሙ፤ ለሐኪሙ ደውሉ።

ፈጽሞ የማይደረጉ፦

- ለከብት የተሠራውን የአይቨርሜክቲን መርፌ ለፈረስ አትውጉ። የተወጋበት ቦታ አብጦ ክፉ ኢንፌክሽን ሊይዝ ይችላል።
- ሞክሲዴክቲን ለከሳ ፈረስና ለውርንጭላ አትስጡ። ከ4 ወር በታች ፈጽሞ አይሰጥም፤ አንዳንዱ መለያ 6 ወር ይላል፣ የያዛችሁትን አንብቡ።
- የማይውጥ ፈረስ በአፉ ምንም አይጠጣ። ሳንባው ውስጥ ይገባል።
- ሁለት ዓይነት የትል መድኃኒት በአንድ ቀን አትደራርቡ፣ ሐኪም ካላዘዘ።

ከመድኃኒቱ በኋላ ቢብስበት? በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መባስ የሚሞተው ትል ያስነሣው ቁጣ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፣ አትጨምሩም። ወዲያው ደውሉ፤ ሐኪሙ የቁጣ ማብረጃውን ያስተካክላል። የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ከጋጣ ውጡ። ጭንቅላቱን ለመያዝ አትሞክሩ፤ 400 ኪሎ የሚወራጭ እንስሳ ሰው ይገድላል። ሲያበቃ ግቡ።

ደረጃ 7፦ ከወደቀ

ፈረስ እንደ ላም ለረጅም ጊዜ ተኝቶ መቆየት አይችልም። ክብደቱ የራሱን ጡንቻና ሳንባ ይጨቁናል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ጉልበት ነው፤ ሰው ሰብስቡ።

1. ከሥሩ ጭድ አንጥፉ። 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከሌለው አይረባም።
2. በደረቱ እንዲቀመጥ አድርጉ። ሁለቱን ጎኑን በጭድ እስሮች ደግፉ። በደረቱ የተቀመጠ ፈረስ ይተነፍሳል፣ ይጠጣል፣ ይበላል።
3. በደረቱ መቀመጥ ካልቻለ በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ አገላብጡት፤ ሌሊትም ጭምር። ሁለቱን ገመዶች መሬት የነኩት እግሮች ላይ፣ ከሰኮናው በላይ ባለው ቀጭን ቦታ እሰሩ። በጀርባው በኩል ራቅ ብላችሁ ቁሙና ሳቡ። ወደ እናንተ ስለሚገለበጥ ገመዱ የሚረዝመው ለዚያ ነው። በእግሮቹ በኩል ማንም አይቁም።
4. ከሥር ያለው ዓይኑ ጭድ እንዳይወጋው ፎጣ አድርጉለት። ሐኪሙን የዓይን ቅባት ጠይቁት።
5. ለ12 ሰዓት ካልሸና ሐኪሙ በቱቦ ያውጣለት። ፊኛው ሞልቶ የሚያስጨንቀው ፈረስ ይወራጫል፤ ሰው "በሽታው ባሰ" ይላል።
6. እርጥብ ጭድ ወዲያው ቀይሩ። የዳሌና የትከሻ ቁስል በአንድ ቀን ይጀምራል።

ለመነሣት ሲሞክር እርዱት፤ አትምቱት፣ አትጩኹበት። የፊት እግሮቹን እንዲዘረጋ ቦታ ስጡት፤ ከኋላ ጭራውን ወደ ላይ በመደገፍ ሁለት ሰው ሊያግዘው ይችላል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካቃተው አሳርፉት።

ደረጃ 8፦ ስንት ቀን መጠበቅ? መቼስ ይበቃል?

የቆመና የሚበላ ፈረስ ጊዜ ይሰጠዋል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መሬት ላይ 20 ሜትር ቅረጹት። ዛሬን ከትናንት ጋር ሳይሆን ከሳምንት በፊቱ ጋር አወዳድሩ። ትሉ ቢሞትም የተቆረጠ ነርቭ ወዲያው አይመለስም፤ መሻሻሉ ወራት ሊወስድ ይችላል። መወላገዱ ጨርሶ እስኪጠፋና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ማንም አይቀመጥበት። እግሩ የት እንዳለ የማያውቅ ፈረስ ከነጋላቢው ይወድቃል።

መነሣት ያቃተው፣ የማይውጥ ወይም ደጋግሞ የሚያንቀጠቅጠው ፈረስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ከመተው አይቆጠርም። ውሳኔውን ለማታ አታሳድሩት፤ ሌሊቱን የሚሠቃየው እሱ ነው።

ከሞተ በኋላ አንጎሉና ሕብለ ሰረሰሩ እንዲመረመር ጠይቁ። ብዙዎቹ ሐሊሴፋሎቡሶች የሚታወቁት ያኔ ብቻ ነው። ጭንቅላቱን እናንተ አትክፈቱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ገና አልተወገደም።

ደረጃ 9፦ የቀሩት ፈረሶች

በሽታው ትል ከሆነ ከፈረስ ወደ ፈረስ በመነካካት አይተላለፍም። ምንጩ ግን አንድ ግጦሽ፣ አንድ ትንኝ፣ አንድ የፍግ ክምር ሊሆን ይችላል።

1. ፋንድያን ከግጦሽ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ አንሡ። ትኩስ ፋንድያ መስክ ላይ አትበትኑ፤ እጩን መዝራት ነው።
2. የፍግ ክምሩን አጥሩ። የአፍ ቁስል ያለበት፣ ጥርሱ የተነቀለ ወይም እግሩ የቆሰለ ፈረስ ወደዚያ አይድረስ። ቁስል በዚያው ቀን ታጥቦ ይሸፈን።
3. የቆመ ውኃ በየሳምንቱ ድፉ። የትንኝ እንቁላል ሙቀት ካገኘ ከሳምንት ብዙም ሳያልፍ ትንኝ ይሆናል። ሴታሪያ ባለበት አካባቢ ፈረስና ከብት ጎን ለጎን አይደሩ።
4. አዲስ የመጣ ፈረስ ፋንድያው እስኪመረመር ለብቻው ይቆይ።
5. የእንቁላል ቆጠራ አስደርጉ፤ ግን በእሱ ብቻ አትመሩ። የስትሮንጂለስ ቫልጋሪስ እንቁላል ትናንሾቹ ስትሮንጂሎች ከሚባሉት የአንጀት ትሎች እንቁላል በዓይን አይለይም፤ እጩ መፈልፈል አለበት። ዴንማርክ ውስጥ እንቁላል የበዛባቸውን ብቻ እየመረጡ ማከም በተለመደባቸው ቦታዎች ይህ ትል በርክቶ መገኘቱ ተመዝግቧል። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ያለም ፈረስ ቢሆን ቢያንስ በዓመት አንዴ በሚሠራ መድኃኒት ይታከም።
6. ካከማችሁ በ14ኛው ቀን እንደገና አስቆጥሩ። ቁጥሩ በ90 ከመቶ እንኳ ካልወረደ መድኃኒቱ በእናንተ መስክ ላይ ደክሟል። መጠኑን በሜትር ለክታችሁ እንደሰጣችሁ አረጋግጡ፤ ከሰጣችሁ ሐኪሙን ከሌላ ክፍል የሆነ መድኃኒት ጠይቁት።